ከመጋረጃው በየት በኩል ነበርክ?

መጨረሻው ላይ አሸንፌያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ መሐሉ ላይ ስትደርሱ በጣም ስለምታፍሩብኝ ነው። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ልጅን ባላባት፣ የባለ ቪላውን ልጅ ደግሞ ምጽዋት የሚገባው ምስኪን አድርጌ፣ ቅጻቸውን ሞልቼ ባሕር ማዶ ልኬ በኮምፒውተር ያስመረመርኩ ሰው ነኝ። ያውም በቅን ልቦና። ክፉ ሰው እንኳ ይህን ያህል አያበላሽም፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የፈረንጆች ነው፤ ወንድም ፋብሪካዎቹ ደግሞ አንዱ ቬትናም፣ አንዱ ኬንያ፣ አንዱ ፖርቱጋል ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰሜን አውሮፓ፣ ብርድ አገር ነው። እኛ እዚህ በላብ የምንሰፋውን ካፖርት እነሱ እዚያ ይለብሱታል። እኔ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። የክፍሉ ሠራተኛ ነኝ አላልኩም፤ ክፍሉ ራሱ ነኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ እኔ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ መስፍን ቢሯቸው አስጠሩኝ። አቶ መስፍን ደግ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ሲበላሽ «አላልኩም?» ይላሉ፤ ሲሳካም «አላልኩም?» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ነውር የለባቸውም።

«እንግሊዝኛህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ምንም አይል።»

ጉድ ያፈላችብኝ ይህች «ምንም አይል» ናት።

«ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን አስተዳደግ መለካት ይፈልጋል።»

«አስተዳደጋችን ምን ሆነ?» ብዬ ደነገጥኩ። ባለፈው ሳምንት ክበባችን ውስጥ ሁለት ሰዎች በወጥ ምክንያት ተሰዳድበው ስለነበር ወሬው አውሮፓ ደረሰ ብዬ ነው።

«ስድቡን አይደለም። ሰው ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ ነው። ከድሃ ቤት ነው? ከሀብታም ቤት ነው? በአራቱም አገር በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይለካል። ከዚያ ካመለከቱት መሐል ከሁሉ ዝቅ ካለ ኑሮ የመጣው ሠራተኛ፣ ከየአገሩ አንድ አንድ ሰው፣ ፖርቱጋል ሄዶ ፓተርን ተምሮ ይመጣል። ሲመለስ ኃላፊ ይሆናል። ሰዉን እየጠየቅክ ቅጹን በእንግሊዝኛ የምትሞላው አንተ ነህ።»

ፓተርን ማለት ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የልብሱን ልክ በወረቀት ላይ የማውጣት ሥራ ነው። በእኛ ፋብሪካ ይህ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ታች ያለው ሰፊ ሁሉ ቀና ብሎ እያየው ይውላል።

ከሁሉ በላይ ቀና ብላ የምታየው ግን ጽጌ ናት። ጽጌ የኮሌታ ሰፊ ናት፤ ጉለሌ ተወልዳ ጉለሌ ያደገች። ማታ ቤቷ ገብታ በአሮጌ ጋዜጣ ልክ እያወጣች የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ፎቅ እንዲያወጧት ከዚህ በፊት ጠይቃ «ወረቀት የለሽም» ተብላ ተመልሳለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የቆረጠውን ስሰፋ ልኖር ነው?» ትላለች። የሥልጠናውን ወሬ እንደሰማች መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት እጇን አስደግፋ ቆመች።

«በእናትህ፣ የእኔን ቅጽ በትክክል ሙላልኝ።»

«አታስቢ» አልኳት።

የቢሮ ሰው «አታስቡ» ሲላችሁ ማሰብ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። «በልጅነትህ የቤታችሁ ኑሮ እንዴት ነበር? በጣም ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» ይላል። ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው አበሻ አግኝቶ «እንዴት ነህ?» ብሎ አያውቅም። እኔም ከእትዬ የሺ ጀመርኩ። እትዬ የሺ የጥራት ተቆጣጣሪያችን ናቸው፤ ፋብሪካው ሲከፈት የነበሩ፣ ትርፍ ክር ካዩ ሸሚዙን ፊታችሁ ላይ የሚያራግፉ ሴት ወይዘሮ።

«እትዬ የሺ፣ ልጅ ሳሉ የቤታችሁ ኑሮ እንዴት ነበር?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን ሲሉ... እ... ማለቴ፣ ዝቅተኛ ነው ወይስ ጥሩ?»

«አንተ ልጅ፣ ፈጣሪ በደረጃ ነው እንዴ የሚመሰገነው?»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ሀብታሙ «ተመስገን» የሚለው ዓይን ፈርቶ ነው፤ ድሃው ጎረቤት እንዳይሰማበት ብሎ፤ የታመመው ደግሞ ጠያቂው እንዳይጨነቅ ብሎ። ሦስቱም ቃላቸው አንድ ነው። «ተመስገን» እየጻፍኩ አረፈድኩ። የሠራሁትን መለስ ብዬ ሳየው ውዳሴ እንጂ ጥናት አይመስልም።

በምሳ ሰዓት ወሬ ተነሣ። ማን እንዳስነሣው አይታወቅም፤ ወሬ አባት የለውም። «ሠራተኛ ሊቀንሱ ነው፤ ደህና ቤት ያደገውን ነው የሚያባርሩት፣ አይቸገርም ብለው» ተባለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ጠዋት ሲያመሰግን የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደኸየ። ክበቡ ውስጥ የድህነት ጨረታ ተከፈተ።

«እኛ እኮ እኔና እህቴ በአንድ ጫማ ተፈራርቀን ነው የተማርነው» አለች አንዷ።

«ጫማ ነበራችሁ?» አለች ሌላዋ፣ እየቀናች።

«የእኛ ቤት ጣሪያ ክረምት ከበጋ ያፈስ ነበር።»

«ጣሪያ ካላችሁማ ምን ጎደላችሁ!»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወሬው ተገለበጠ። «ፖርቱጋል የሚላከው የጨዋ ልጅ ነው አሉ፤ ፈረንጅ ዘር ያጣራል» ተባለ። በምሳ ሰዓት ቆሎ ቆርጥሜ አደግሁ ሲል የነበረው የካውያ ክፍሉ ሰውዬ፣ ሊወጣ ሲል ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «አያቴ ደጃዝማች ነበሩ፤ ጻፈው» አለኝ። በግማሽ ቀን ከቆሎ ተነሥቶ ጠጅ የደረሰ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዘዴ ቀየርኩ። «ኑሮ እንዴት ነበር» የሚለውን ትቼ ወደ ዝርዝሮቹ ገባሁ። አባት ምን ይሠራ ነበር፣ ቤቱ የማን ነበር፣ ስንት ሰው ይኖርበት ነበር፣ እንዲህ ያለውን። ለራሴም ማልኩ፤ ሰው የነገረኝን እንዳለ፣ ጥያቄው የሚለውን እንዳለ፣ ከራሴ አንዲት ቃል ሳልጨምር እሞላለሁ አልኩ። ታማኝነቴን ሳየው ራሴን በጣም ወደድኩት።

ጽጌ መጥታ ተቀመጠች።

«ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ማን ነበር?»

«እናቴ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እያወረደች ትሸጥ ነበር።»

«ተቀጥራ ነው ወይስ በራሷ?»

«ማን ይቀጥራታል? በራሷ።»

«የግል ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። «የምትመራቸው ሰዎች ነበሩ?»

«አብረዋት የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። መንገዱን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ከፊት ከፊት ትመራቸው ነበር።»

«ሰዎች የምትመራ። ቤቱስ?»

«የአያቴ ጭቃ ቤት ነበረች። የእኛው ናት።»

«የግል ቤት። የጋማ ከብት ነበራችሁ?»

«አንዲት አህያ ነበረችን፤ አንድ ዓይና።»

ጥያቄው ስለ ግልቢያ እንጂ ስለ ዓይን አይጠይቅም። ምልክት አደረግሁ።

«ሙዚቃ ተምረሻል?»

«ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እመታ ነበር።»

«ተምራለች። ልጅ ሆነሽ ተራራ ይዘውሽ ይወጡ ነበር?»

ጽጌ ትንሽ አየችኝ። «በየቀኑ» አለች።

ከእሷ ቀጥሎ ቴዲ ገባ። ቴዲ የግዢ ክፍል ባልደረባዬ ነው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ቢሆንም ደስ የሚል ሰው። ለፖርቱጋሉ ሥልጠና እሱም አመልክቷል። «ባሕሩን ካየሁ ፓተርንም ቢሆን እማራለሁ» ይላል።

«አባትህ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ቤቶች ያከራይ ነበራ! ኪራይ ሥራ ነው እንዴ? ጠዋት ተነሥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ በቃ።»

«ሥራ አጥ» ብዬ ጻፍኩ። «እቤት ስንት ሆናችሁ ነበር የምትኖሩት?»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ወላጆቹ፣ እህቶቹ፣ ሞግዚቷ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ ዘበኛው፣ የዘበኛው ወንድም፣ ለበዓል መጥተው የቀሩ ዘመዶች። ጣቱ አለቀበት።

«የተጨናነቀ መኖሪያ። እናትህ ምግብ ይሠሩላችሁ ነበር?»

«እናቴ? ወጥ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነም አታውቅ።»

«የእናት እንክብካቤ የጎደለው» ብዬ ስጽፍ አንጀቴን በላው። «ትምህርት ቤትህስ?»

«ሚሲዮን።»

በዚያን ጊዜ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፍሎ የሚማረው የሀብታም ልጅ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። የጥያቄው ምርጫ ግን «በሃይማኖት ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚረዳ» ይላል። መሐላዬን አስታወስኩና ምልክት አደረግሁ።

የሞላሁትን ሁሉ እዚያ ያለው ኮምፒውተር መዝኖት ረቡዕ መልስ መጣ። ጥናቱን የምትመራው ኢንግሪድ የምትባል የዋናው መሥሪያ ቤት ሴት ናት። ስለ ቴዲ የጻፈችውን ሳነብ እኔው ራሴ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አባቱ ሥራ አጥ፣ ቤቱ የተጨናነቀ፣ እናቱ የማትንከባከበው፣ በእርዳታ የተማረ፤ ይህ ሰው ዛሬ በእግሩ መቆሙ ድንቅ ነው ትላለች። በአራቱም አገር ካመለከቱት ሁሉ የእሱን ያህል የተጎዳ አልተገኘም። ጽጌ ደግሞ የግል ድርጅት የምትመራ እናት ልጅ፣ ባለ ቤት፣ ግልቢያና ሙዚቃ የተማረች፣ በተራራ ስትዝናና ያደገች ሆና ከላይኛው መደብ ወጣች። ስለ ማመልከቻዋ ከልብ እናመሰግናለን፣ ዕድሉ ግን ለተቸገሩት ነው ይላል። የተመረጠው ሰው ስም ዓርብ ይጸድቃል።

ለቴዲ ነገርኩት። «ሳላውቀው እኮ ነው የተሰቃየሁት!» አለ።

ለጽጌ የነገርኳት ማሽኗ ላይ እንዳለች ነው። መስፋቷን አላቆመችም።

«እናቴ ጉዷን ትስማ» አለች። «ወገቧን እስከ ዛሬ የሚያማት ድርጅት በመምራት መሆኑን አላወቀችም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች።

«ሰው ድሃ ነበርኩ ብሎ መናገር ያፍራል። እኔ ተናገርኩ። እሱንም አልተቀበላችሁኝም» አለችና ኮሌታዋን አገላብጣ መስፋት ጀመረች።

አቶ መስፍን ዘንድ ሮጥኩ።

«ኮምፒውተሩ ነው ያሳሳተው» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩን ማን ነው ያጎረሰው?» አሉኝ። ቀጥለውም የታወቀውን ቃላቸውን ተናገሩ።

የምኖረው ሸጎሌ፣ ከብት ገበያው አጠገብ ነው። በዚያ ዕለት ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የከብት ደላሎች ተቀምጠው አንደኛው ለአዲሱ ጓደኛው ሙያ ያስተምረዋል። «በሬው ምን እየበላ እንዳደገ ባለቤቱን እንዳትጠይቅ። ባለቤቱን ከጠየቅክ ሁሉም በሬ ሰንጋ ነው። ሻኛውን ዳብስ» ይለዋል። ለእኔ የተነገረኝ ያህል ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። የሰው ሻኛ የት እንዳለ ግን ማወቅ አልቻልኩም፤ ይህንኑ ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት።

ሐሙስ ምሳ ላይ ነው መብራት የሄደው። ክበባችን መስኮት የሌለው ጨለምለም ያለ አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ሰዉ ሁሉ ምሳውን እየበላ ድራማ ያያል። ልጅቷ ለእናቷ ምስጢሩን ልትነግራት አፏን እንደከፈተች ድርግም አለ። ክበቡ በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ።

«እናንተ ታድላችሁ» አሉ እትዬ የሺ። «በእኛ ጊዜ ለሰፈር አንድ ቴሌቪዥን ነበር።»

ነገርን ነገር ያነሣዋል። ቴዲ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደገፈ።

«የእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን እኛ ቤት ነበር» አለ። «እሁድ ከሰዓት የጉለሌ ልጅ ሁሉ እኛ ግቢ ነው። እናቴ ለንጽሕና ኃይለኛ ናት፤ እግሩን ሳይታጠብ የሚገባ የለም። ታጥበው ምንጣፉ ላይ እንደ ምስር ተሰጥተው ያያሉ።»

«እኔም ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ነው ያደግሁት» አልኩ። «ለጥንቃቄ እስከ ጉልበቴ ነበር የምታጠበው።»

«ያልታጠቡትስ?» አለች ጽጌ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን እየከደነች ነበር።

«እነሱማ ከውጭ መስኮቱ ላይ ይንጠለጠላሉ። እናቴ መጋረጃውን ስትዘጋባቸው ጩኸታቸውን ብትሰሚ!» ቴዲ ሳቀ።

«መጋረጃው አረንጓዴ ነበር» አለች ጽጌ። «ትልልቅ አበባ ያለው።»

የቴዲ ሳቅ ቆመ። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው።»

«አዎ! አይጥ በልቶት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ አይጡን ትረግማለች።»

«አይጧ እኔ ነኝ» አለች ጽጌ። «መስኮቱ ገርበብ ሲል በጸጉር ማስያዣ ሽቦ ነው የቀደድኩት።»

ክበቡ በሳቅ ተናጋ። እትዬ የሺ ትን አላቸው፤ ጀርባቸውን መታናቸው። ቴዲም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ግን ያልታሰበበት ጥያቄ ጠየቀ።

«ለምን ታጥበሽ አትገቢም ነበር?»

«ታጥቤ ነበር» አለች። «ከእንጦጦ ስንወርድ የባሕር ዛፍ ሙጫ እግሬ ላይ ይጣበቃል፤ በውኃ አይለቅም። እናትህ በሩ ላይ እግሬን አይተው ‹አልታጠብሽም፣ ታጥበሽ ተመለሺ› ይሉኛል። እመለስና በአሸዋ እፈትገዋለሁ። ስመጣ፣ አልታጠብሽም። አንድ ቀንም አልገባሁ። ድራማዎቹ እንዴት እንዳለቁ ግን ሁሉንም አውቃለሁ። በቀዳዳዬ።»

ቴዲ ያስደገፈውን ወንበር ቀጥ አደረገ። መብራት አለመኖሩ በጀኝ እንጂ ዓይኔን ያዩብኝ ነበር። ወዲያውም የደላላው ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤቱን አትጠይቅ፣ ሻኛውን ዳብስ! ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው የሰነበትኩትን ነገር ሰው ያለ ማንም ጠያቂ፣ በጨለማ፣ በምሳ ሰዓት አወራው። እዚያ ክበብ ውስጥ ከሶፋው፣ ከምንጣፉና ከመስኮቱ የየትኛው ሰው ነበርክ ቢባል «ተመስገን» የሚል አንድም አይገኝም። መስኮቱን የሚያውቅ መስኮቱን ያውቃል።

ስንወጣ ቴዲ ክንዴን ያዘኝ። ሽቶው እንኳ ቀዝቅዟል።

«ስሜን አውጣልኝ» አለኝ።

«አንተ ብትወጣ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ሥራ አጥ ይመርጣል። ጽጌ እኮ በእሱ ዘንድ ባላባት ናት።»

«እንግዲያው ሚዛኑን ለውጠው!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቴዲ ጠቃሚ ነገር ሲናገር ሰማሁት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለኢንግሪድ ስጽፍ ዋልኩ። አህያዋ አንድ ዓይና መሆኗን፣ ተራራው ሽርሽር አለመሆኑን፣ በእኛ አገር ሥራ የሌለው አባት ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ ሚሲዮን ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። በመጨረሻም አዲስ ጥያቄ አቀረብኩ። «ልጅ ሳለህ ቴሌቪዥን የት ሆነህ ነበር የምታየው? ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከመስኮት ውጭ ወይስ በማግሥቱ ከሰው አፍ?»

ዓርብ ጠዋት አቶ መስፍን ቢሮ ውስጥ አራቱም አገር በስክሪን ተሰበሰበ። ኢንግሪድ ረጋ ያለች ሴት ናት።

«ስሕተቱ ገብቶኛል» አለች። «ግን አዲሱ ጥያቄ በሁሉም አገር መሥራት አለበት። አለዚያ ማወዳደር አንችልም።»

የቬትናሟ ባልደረባ ወዲያው ሳቀች። እነሱ መንደር ሰው ሁሉ የራሱን በርጩማ ተሸክሞ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት ይሄድ ነበር፤ በርጩማ የሌለው ውጭ ይቆማል። የኬንያው ሰውዬ ለመግባት መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ውኃ ቀድቶ ማምጣት ነበረበት። የፖርቱጋሏ ሴት እናቷ የሰው ቤት ተቀጥራ ልብስ ስትተኩስ፣ እሷ ከወጥ ቤት በር ስንጥቅ ታይ ነበር። እኔ በኩራት አበጥኩ። አቶ መስፍን ጀርባዬን ቸብ አደረጉኝ።

«እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም» አለች ኢንግሪድ።

አቶ መስፍን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ድሃ ነበረች እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው።

«አባቴ ፕሮፌሰር ነበር። ቴሌቪዥን ልጅ ያደነዝዛል ብሎ ከለከለን። እንግዲህ በአንተ ጥያቄ ከሁላችሁም ድሃዋ እኔ ነኝ።»

አለቀልኝ አልኩ። አቶ መስፍን «አላል...» ብለው ሲጀምሩ በዓይኔ ጥግ አየኋቸው። ከበሩ ውጭ በኮሪደሩ በኩል ጽጌ የማለፍ ሰበብ ፈልጋ ቆማለች። እሷን ሳያት አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ቴሌቪዥኑን እንተወው። መጋረጃውን እንጠይቅ።»

«የቱን መጋረጃ?»

ያን ዕለት እንግሊዝኛዬ እግሯን ታጥባ ገባች። የአረንጓዴውን መጋረጃ ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሙጫውን፣ አሸዋውን፣ ቀዳዳውን። ከዚያ «ልጅ ሆነሽ የምትጓጊለት ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር፣ በሩን ወይም መጋረጃውን የምትዘጉት እናንተ ነበራችሁ ወይስ በእናንተ ላይ ነበር የሚዘጋው? ይህን እንጠይቅ» አልኩ።

ኢንግሪድ ያልኩትን ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

«እኛ ሁልጊዜ ከውስጥ ነበርን» አለች። «ከውጭ የቆመ ሰው መኖሩንም አይቼ አላውቅም።»

«ከውጭ» አለች ቬትናም። «ከውጭ» አለ ኬንያ። ፖርቱጋል የወጥ ቤቱ በር እንደ ውጭ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች፤ ይቆጠራል ተባለ።

የስም ማጽደቁ በአንድ ሳምንት ተገፋ። ኢንግሪድ የመጋረጃውን ጥያቄ በአራቱም አገር አስገባችው። ከዚህ በኋላ ለሚመጡትም ጥናቶች «የጉለሌ ጥያቄ» ብላ ሰይማዋለች። አዎ፣ የጉለሌ! እኔ የሞላሁትን ጉድም በሙሉ እንደገና አረምነው፤ አህያዋ ከግልቢያ ወጣች፣ እንጦጦም ከመዝናኛ ተሰረዘ። በሳምንቱ ውጤቱ በስክሪን ሊነገር ሲሆን አቶ መስፍን ቢሯቸውን ለሠራተኛው ሁሉ ከፈቱ።

የአቶ መስፍን ሶፋ እንኳን ለእኔ ለእንግዳም የሚፈቀድ አልነበረም። ያን ዕለት ግን የጽጌን እናት አስጠርተው፣ ራሳቸው ተነሥተው፣ የእናትየውን ወገብ ደግፈው እዚያ አስቀመጧቸው። ጽጌ አጠገባቸው፣ እትዬ የሺ ከወዲያ። እኔና አቶ መስፍን ቆመናል። የቀረው ሠራተኛ ወለሉን ሞላው፤ እኔ ልማዴ ስለሆነ እግሩን አየሁ። የከሰዓት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈ ስላስቸገረ መጋረጃውን ዘጋነው።

ኢንግሪድ የጽጌን ስም ጠራች። አጠራሯን ብትሰሙት ምኑም ጽጌ አይመስልም፤ ቢሆንም ቢሮው በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ጽጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ፣ እኔም ያለ ሀፍረት አለቀስኩ። ኢንግሪድ የእናትየውን ታሪክ ሰምታ ስለነበር ሰላም ልትላቸው ፈለገች። «በዚያን ጊዜ ኑሮ እንዴት ነበር ብለህ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

ጠየቅኋቸው።

«ተመስገን» አሉ እናትየው።

ኢንግሪድ ትርጉሙን ጠበቀች። እንግሊዝኛው ጠፋኝ።

«አላልኩም?» አሉ አቶ መስፍን። ምን ብለው እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ማንም አልተቀየማቸውም።

በዚህ መሐል የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ። ቴዲ ነው። ጠዋት ጉምሩክ ሄዶ አሁን መመለሱ ነው፤ በበሩ መግባት አቅቶት በውጭ በኩል ዞሮ መጥቷል። «ተጠራች? ኧረ እባካችሁ ክፈቱልን፣ እኛም እንይ!» ይላል። መጋረጃው ላይ ግንባሩን የለጠፈ ጥላው ይታያል።

ሰዉ ሁሉ ጽጌን አየ። ጽጌ እንባዋን ጠረገች፣ ከሶፋው ተነሣች፣ በተቀመጠው ሰው መሐል እየተራመደች መስኮቱ ጋ ደረሰች። መጋረጃውን አልነካችውም። አፏን ጠጋ አደረገች።

«እግርህን ታጥበሃል?»

የቴዲ ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ።

«ታጥቤያለሁ።»

ጽጌ መጋረጃውን እስከ ጥጉ ድረስ ከፈተችለት።